«መልካሙ እረኛ»፤ ሰሙና ወርቁ

በበጎቹ ስሙ የታወቀው የዶዮገና ደጋ ባሕር የለውም፤ ነገር ግን እንግሊዛዊው ሲ. ኤስ. ፎሬስተር በ1955 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «መልካሙ እረኛ» የተባለ ልብ ወለድ የአገሩ እረኛ ቢሰማው ምስጢሩ አይጠፋውም።

በመጽሐፉ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 37 የንግድ መርከቦች አትላንቲክን ያቋርጣሉ፤ ጠባቂዎቻቸው አራት የጦር መርከቦች ብቻ ናቸው። አዛዡ ክራውዝ ቅዱሳት መጻሕፍት በልቡ ያደሩ ሰው ነው። አንዱን ባሕር ሰርጓጅ እስከ መጨረሻው ቢያሳድድ መንጋው ያለ ጠባቂ ይቀራል፤ ቢተወው ጠላት በሌሊት ይመለሳል። የውኃ ውስጥ ፈንጂውም በቁጥር ነው። ደራሲው ይህን ጭንቀት ያለ ጌጥ ስለ ጻፈ ሊመሰገን ይገባዋል።

ነቀፌታው በምሳሌው ላይ ነው። ሰሙ በግና ተኵላ፣ ወርቁ መርከብና ሰርጓጅ ሲሆን፣ ሁለቱ በአንድ ስፍራ አይገጥሙም። ተኵላ አውሬ ነው፤ በሰርጓጁ ሆድ ያሉት ግን እናት የወለደቻቸው ናቸው። ታሪኩ ከክራውዝ ዓይን ስለማይወጣ አንባቢ ፊታቸውን አያይም።

በ1940 እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር መቀመጫዋ ምጽዋ የነበረች ቶሪቼሊ የተባለች የኢጣልያ ሰርጓጅ በፔሪም ደሴት አጠገብ ከአራት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ጋር ተዋግታ ሰጠመች፤ አሸናፊዎቹም የተረፉትን ከባሕር አወጡ። በዚያ ቀን ተኵላው እንደ ገና ሰው ሆነ፤ መጽሐፉም ይህን የመሰለ አንድ ገጽ ቢኖረው ወርቁ ሙሉ በሆነ ነበር።