ክላውዲዮስና ሦስቱ የሙት ልጆች

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሳቸው የሼክስፒር ተውኔቶች መካከል «ሐምሌት»ን ደጋግሜ አነባለሁ። ባነበብኩት ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው በመስፍኑ ሳይሆን በንጉሡ ላይ ነው። ክላውዲዮስ (በእኛ አንደበት ገላውዴዎስ መሆኑ ነው) ወንድሙን በጆሮው መርዝ አፍስሶ የገደለው መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ነው። በዓይናችን የምናየው ሌላውን ሙያውን ነው፤ አባት የሞተበትን ልጅ ሐዘን እየመራ ወደ ፈለገበት መውሰድ።

እስቲ እንቁጠር። በተውኔቱ ውስጥ አባቶቻቸው የተገደሉባቸው ሦስት ወጣቶች አሉ። የሐምሌትን አባት የገደለው ራሱ ክላውዲዮስ ነው። የላየርቴስን አባት ፖሎኒየስን ሐምሌት ከመጋረጃ ጀርባ በስሕተት ወግቶታል። የኖርዌዩን የፎርቲንብራስን አባት ደግሞ የሐምሌት አባት በፍልሚያ ጥሎታል። ንጉሡ ለሦስቱም ብልሃት አያጣም። ለፎርቲንብራስ አጎት መልእክተኛ ይልክና የወጣቱን ጦር ፊቱን ወደ ፖላንድ ያስዞራል። ሐምሌትን በሞት ትእዛዝ ወደ እንግሊዝ ይሸኛል። ለላየርቴስ ግን ሰይፍ ያዘጋጅለታል።

በአራተኛው ገቢር ላየርቴስ በሩን ሰብሮ ሲገባ ንጉሡ አይደነግጥም። መዋሸትም አያስፈልገውም፤ ፖሎኒየስን የገደለው በእርግጥ እሱ አይደለም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባትህን በእውነት ትወደው ነበር ወይስ ሐዘንህ የፊት ብቻ ነው? ይህ ጥያቄ የቀረበለት ልጅ ወዴት ይሸሻል? ፍቅሩን ለማስመስከር ሲል የተመረዘ ሰይፍ ይዞ ለመፋለም ይስማማል። የገዛ ወንድሙን የገደለ ሰው ስለ አባት ፍቅር መምህር ሲሆን እያየን «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ከማለት በቀር ምን እንላለን?

ይህን ነገር በመጽሐፍ ሳይሆን በእውን የኖረ መስፍን ከእኛ ታሪክ ብፈልግ፣ የማገኘው የዋግሹሞች መናገሻ በነበረችው ሰቆጣ ነው። የዋግሹም ጎበዜን አባት ዋግሹም ገብረ መድኅንን አፄ ቴዎድሮስ ሰቅለው ገደሏቸው። ልጅየው ሸፈቱ። ነገር ግን የአባታቸውን ደም በእጃቸው አልመለሱም፤ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ጦር ፊት ለፊታቸው ቆሞ ሳለ ራሳቸውን ገደሉ። ጎበዜም በዚያው ዓመት አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ።

አፄ ቴዎድሮስን ክላውዲዮስ አልላቸውም፤ እሳቸው የገደሉትን በአደባባይ ነው የገደሉት። ጎበዜም ላየርቴስ አይደሉም። እኔ የማመሳስላቸው ከፎርቲንብራስ ጋር ነው፤ እሱም ባለደሙን ራሱ ሳይገድል ሬሳ መካከል ደርሶ ዘውድ ያገኛል። ሼክስፒር እዚያ ላይ መጋረጃውን ይዘጋል። የዋግ ታሪክ ግን ይቀጥላል። ተክለ ጊዮርጊስ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ፣ የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ መሣሪያ በተወላቸው በሚስታቸው ወንድም በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ፣ ድል ሆነው ተማረኩ። በእስር እንዳሉም ሞቱ።

ከግርማቸው ተክለ ሐዋርያት እስከ ጸጋዬ ድረስ መድረካችን ቴዎድሮስን ደጋግሞ አንግሧል፤ ይገባቸዋልም። የተሰቀለው ሰው ልጅ ግን ምን እንደ ተሰማው የሚነግረን ታላቅ ተውኔት እስካሁን አላየሁም። ይህ ጉድለት የኪነ ጥበብ ብቻ አይመስለኝም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ዋግ ኽምራም የጦር አውድማ ነበረች። ደም መመለስ እንደ ክብር በሚቆጠርበት አገር፣ አባቱ የሞተበትን ወጣት «አባትህን ትወደው ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጠያቂው ማን ነው? ከመልሱስ ምን ያተርፋል? ክላውዲዮስን ማንበብ ይህን መልሶ መጠየቅን ያስተምራል።

ላየርቴስ ይህን የጠየቀው የገዛ ሰይፉ መርዝ ሰውነቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የንጉሡን ተንኮል ይናዘዛል፤ ከሐምሌትም ጋር ይቅር ይባባላል። ሁለቱ የሙት ልጆች የታረቁት ለመኖር የቀራቸው ጊዜ ጥቂት ትንፋሽ ሲሆን ነበር።