የ«ባንክ» ጆንሰን የመጀመሪያ ሸክላዎችና የትውፊት ምስክርነት

የኒው ኦርሊንሱ ጥሩምባ ነፊ ዊሊ «ባንክ» ጆንሰን ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክላ ያስቀረጸው በጁን ወር 1942 ነው (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከኀምሳ በላይ ነበረ፤ ራሱ እንደሚለው ግን ስድሳን አልፎ ነበረ። ጃዝ ማን በሚል ስም የታተሙት እነዚህ ሸክላዎች የጃዝን ጥንተ አመጣጥ ለሚመረምሩ ሰዎች እንደ ቅርስ ተቈጥረው ቈይተዋል። በእኔ አስተያየት የሸክላዎቹ ዋጋ ከፍ ያለ ቢሆንም፤ ዋጋቸው የተፈለገው በተሳሳተ ቦታ ነው።

«ጃዝመን» የተባለውን የ1939 መጽሐፍ ያዘጋጁት ሰዎች ጆንሰንን ያገኙት በሉዊዚያና ክፍለ ሀገር፤ በኒው አይቤሪያ ከተማ፤ ጥርሱ ረግፎና ሙያውን ትቶ በጉልበት ሥራ ሲተዳደር ነው። አድናቂዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ጥሩምባ ገዙለት፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሠራለትም የዕውቁ ሙዚቀኛ የሲድኒ ቤሼ ወንድም ነበረ። ከዚያም ዊልያም ራስልና ባልደረቦቹ በኒው ኦርሊንስ በአንድ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ፎቅ ላይ፤ ጆርጅ ሉዊስን በክላሪኔት፤ ጂም ሮቢንሰንን በትሮምቦን፤ ሎረንስ ማሬሮን በባንጆ ጨምሮ ስድስት ሰዎችን ከእርሱ ጋር አሰባስበው ቀረጹ።

ሰብሳቢዎቹ ይፈልጉ የነበረው የበዲ ቦልደንን ዘመን ድምፅ ነው። ቦልደን በ1907 የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ገብቶ ከሙዚቃ ሲለይ፤ እስከ ዛሬ የተገኘ አንድም ሸክላ አልተወም። ጆንሰን ደግሞ በ1879 ተወልጄ በ1895 ከቦልደን ጋር ተጫውቻለሁ ይል ነበረ። ኋላ የተደረገው ምርመራ እንደሚያመለክተው የልደቱ ዘመን ወደ 1889 የቀረበ ነው፤ ይህ ከሆነ በተባለው ዓመት የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረ ማለት ነው።

ሸክላዎቹ ራሳቸውም ስለ ዘመናቸው ይመሰክራሉ። ከተቀረጹት ዜማዎች መካከል «ፓናማ» የታተመው በ1911፤ «ዊሪ ብሉዝ» የታተመው በ1915 ነው፤ ሁለቱም ቦልደን ከመድረክ ከወረደ በኋላ የወጡ ናቸው። ሉዊስና ማሬሮም የተወለዱት በ1900 ስለሆነ፤ የቦልደንን ጓድ ወግ በራሳቸው ተሞክሮ ሊያውቁት አይችሉም። እንግዲህ የምንሰማው ሳይነካ የቈየ የጥንት ድምፅ ሳይሆን፤ በ1942 በኒው ኦርሊንስ ሕያው የነበረ ጥበብ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን ሥራው ክብር ይገባዋል። ጆንሰን ዜማውን በኀይል አይጭነውም፤ ቃሉን እንደሚመጥን ተናጋሪ ጥቂት ይነፋል፤ ዝም ይላል፤ ክፍተቱንም ለክላሪኔቱና ለትሮምቦኑ ይተዋል። ከሁሉም የበለጠ የሚያረካው ብቻውን የነፋው ሳይሆን፤ ሦስቱ ነፊዎች የየራሳቸውን መንገድ ይዘው ሳይጋጩ የሚሄዱበት ክፍል ነው። ጉድለትም አለው፤ ከንፈሩ ከረጅም ጊዜ ዕረፍት በኋላ እንዳልጸና በየቦታው ይታወቃል፤ ቅጂውም ሻካራ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህን ጉድለቶች የጥንትነት ምልክት አድርጎ ማድነቅ ለሠሪው ክብር አይሆንም።

ለዚህ ፍርድ ማረጋገጫ የሚሆነው የጆንሰን የመጨረሻ ሥራ ነው። ከመሞቱ ሁለት ዓመት ያህል በፊት፤ በዲሴምበር 1947፤ በኒው ዮርክ የቀረጸው በራሱ ምርጫ ነበረ፤ የመረጣቸውም ከወረቀት ማንበብ የሚችሉ ሙዚቀኞችን፤ በኖታ የተጻፉ የራግታይም ድርሰቶችንና በዘመኑ የተወደዱ መዝሙሮችን ነው። ሰብሳቢዎቹ ጥንታዊውን ሰው ሲሹ፤ እርሱ የተማረ ሙዚቀኛ ሆኖ መታየትን ይሻ ነበረ።

የባህል ጥናት ተማሪ ከዚህ የሚማረው ብዙ ነው። አዛውንት ነጋሪ ከተጠየቀው ጥያቄ ጋር የሚስማማ መልስ መስጠቱ የተለመደ ነው፤ ጆንሰንም ዕድሜውን የጨመረው ዕድሜ በሚከበርበት ገበያ ነው። ስለዚህ በአገራችንም የአዝማሪን ዜማ ወይም የሽማግሌን ትረካ የሚቀርጽ ሰው፤ ማን እንደ ጠየቀ፤ ምን እንደ ተጠየቀና ነጋሪው በራሱ ምርጫ ምን ሊያሰማ እንደ ወደደ አብሮ ሊመዘግብ ይገባዋል። ይህ ካልተመዘገበ የሚቀረው የነጋሪው ድምፅ ሳይሆን የሰብሳቢው ምኞት ነው።