ነጭ ዝንብን በቁጥር ብቻ መለየት ይበቃል?

ቤሚሲያ ታባሲ የሚባለው ነጭ ዝንብ አንድ ሚሊሜትር ቢያክል ነው። ስሙ ዝንብ ይበል እንጂ ዝንብ አይደለም፤ የክሽክሽ ዘመድ ነው። የቅጠል ጭማቂ እየመጠጠ የካሳቫን፣ የቲማቲምንና የጥጥን ቫይረሶች ከተክል ወደ ተክል ያዛምታል። «ታዲያ ዝርያውን ለይቶ ስም መስጠት ምን ይከብዳል?» ትሉ ይሆናል። ሳይንቲስቶችን ከመቶ ዓመት በላይ ያከራከረው ግን ይኸው ጥያቄ ነው።

ችግሩ ከመልኩ ይጀምራል። ነጭ ዝንቦችን የምንለየው በዋናነት በሚበረው ሳይሆን ቅጠል ላይ ተለጥፎ በሚኖረው የመጨረሻ እጭ ነው። ሎረንስ ማውንድ እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳሳየው ደግሞ የእጩ መልክ ባደገበት ቅጠል ይለዋወጣል፤ ጸጉራም ቅጠል ላይ አንድ ዓይነት፣ ለስላሳ ቅጠል ላይ ሌላ ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ለአንዱ ነጭ ዝንብ ብዙ ስም ወጣለት፤ በኋላም ሁሉም በአንድ ስም ተጠቀለሉ።

ጥቅሉን የፈታው ፖል ዴ ባሮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። በአንድ የሚቶኮንድሪያ ጂን ላይ ልዩነቱ 3.5 በመቶ ከደረሰ የተለያየ ዝርያ ነው ብለው ቢያንስ 24 ዝርያዎች ቆጠሩ። የጽሑፉ ጥንካሬ የማዳቀል ሙከራዎችንም መመርመሩ ነው። በነጭ ዝንብ ዘንድ የወንድ ዘር ያላገኘ እንቁላል ወንድ ይሆናል፤ ሴት የምትወለደው እንቁላሉ ዘር ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለት ቡድኖች ጥንድ ወንድ ብቻ ከተፈለፈለ አልተዳቀሉም ማለት ነው። ቆንጆ ማስረጃ!

ድክመቱስ? በሙከራ የተፈተኑት ጥንዶች ጥቂት ናቸው፤ ለቀሩት ዳኛው ቁጥሩ ብቻ ሆነ። ቁጥር ደግሞ ይሳሳታል። «መካከለኛው ምሥራቅና ትንሿ እስያ 2» ተብሎ የተቆጠረው ዝርያ፣ የማይሠራ የጂን ቅጂ የፈጠረው ስህተት መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2017 ታወቀ። ከዚህም በላይ አብዛኞቹ የያዙት የአካባቢ መጠሪያ እንጂ፣ ናሙና ተቀምጦለትና መልኩ ተገልጾ የወጣ ሳይንሳዊ ስም አይደለም።

የናሙናን ጥቅም ለማየት እ.ኤ.አ. የ2012ቱን ጥናት ተመልከቱ። በ1889 ከግሪክ የትምባሆ ቅጠል ከተገለጸው የመጀመሪያ ናሙና ዲኤንኤ ወጥቶ፣ እውነተኛው ቤሚሲያ ታባሲ «ሜዲትራኒያን» የተባለው ቡድን መሆኑ ተረጋገጠ። ናሙናው ባይቀመጥ ኖሮ መልሱ ከየት ይመጣ ነበር?

ነገሩ የስም ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሜዲትራኒያን የተባለው ቡድን ብዙ ፀረ ተባዮችን በመቋቋም ይታወቃል። ከሌላው ጋር ከተምታታ ገበሬው ገንዘቡን አፍስሶ የሚረጨው መድኃኒት ላይሠራ ይችላል። እናም 3.5 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው፤ ፍርዱን ግን ናሙናው፣ ዲኤንኤውና ማዳቀሉ አብረው ይስጡ።