ብርሃን ያለው ጨለማ ቤት

ቻርልስ ዲክንስ አሜሪካን ጎብኝቶ እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ፊላዴልፊያው ወህኒ ቤት የጻፈውን ምዕራፍ ሰሞኑን ደግሜ አነበብኩት። ልብ ወለዶቹን የሚያውቅ አንባቢ ጅራፍና ጨካኝ ዘበኛ ይጠብቅ ይሆናል። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ሁለቱም የሉም፤ የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1829 የተከፈተው ይህ ወህኒ ቤት በደጋግ ሰዎች የታሰበ ነበር። እስረኛው ከሌላው ክፋት እንዳይማር ለብቻው ይቀመጥ፣ በጸጥታ ኅሊናውን ይመርምር ተባለ። ከጣሪያው ብርሃን የሚገባበት ክፍል፣ የእጅ ሥራና መጽሐፍ ቅዱስ ተሰጠው። ከክፍሉ ሲወጣ ግን ማንንም እንዳያይ ፊቱ ይሸፈን ነበር። እኛ ጨለማ ቤት የምንለው ዓይነት ነው፤ ብርሃን አለው፣ የሌለው ሰው ነው።

ዲክንስ የመሥራቾቹን ቅንነት አይክድም። የሚሠሩትን ግን አያውቁም ይላል፤ በአእምሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከገላ ስቃይ እንደሚብስም ይከራከራል። ምስክሮቹ ግድግዳውን በቀለም ያስጌጠ ጀርመናዊና ከ11 ዓመት በላይ ታስሮ የጣቶቹን ቆዳ የሚልጥ መርከበኛ ናቸው።

አንድ ነገር ግን እነቅፍበታለሁ። ዲክንስ እስረኞቹን በሰፊው ከማናገር ይልቅ በእነርሱ ቦታ ሆኖ ማለም ይወዳል። በዚህም የተነሣ አንድ ከባድ ጥያቄ ያመልጠዋል፤ ከሌሎች ጋር ቢቀመጥ ሊገደል የሚችለውን እስረኛ ምን እናድርገው? የቀድሞ ፖሊስ፣ በጓደኞቹ ላይ የመሰከረ፣ ለጋ ወጣት፣ እነዚህ መለየት ያስፈልጋቸዋል።

በአማርኛ «ጠባቂ» የሚለው ቃል ከለላ የሚሆነውንም፣ እንዳያመልጥ የሚዘበውንም ይገልጻል። በብዙ ወህኒ ቤቶችም ያጠፋውና የተሰጋለት የሚገቡበት ክፍል ተመሳሳይ ነው። አንዱ ተቀጣ፣ ሌላው ተጠበቀ ይባላል፤ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ያያሉ።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የተሰየሙት ደንቦች በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለ እውነተኛ የሰው ግንኙነት መዘጋትን ለብቻ ማሰር ይሉታል፤ ከ15 ተከታታይ ቀናት በላይ እንዳይዘልቅም ይከለክላሉ። ትርጓሜው «ለምን ታሰረ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የሚቆጥረው ሰዓቱን ነው።

የፊላዴልፊያው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1913 በይፋ ቀረ፤ ክርክሩ ግን አልቀረም። ሰውን ከጠላቱ መለየት አንድ ነገር ነው፣ ከሰው ሁሉ መለየት ሌላ። የተሰጋለት እስረኛ ከማይጎዱት ጥቂቶች ጋር ሊሠራ፣ ከቤተሰቡ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ይህ ተጨማሪ ሠራተኛና ወጪ ይጠይቃል፤ በር መቆለፍ ይረክሳል። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የምንል ከሆነ፣ መድኃኒቱን ከልክለን ጠበቅነው ማለት አንችልም።