ወንበሩን ገልብጠው ይዩት

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ እንጅባራ ሲደርስ በአስፋልቱ ዳር የተደረደሩ የቀርከሃ ወንበሮች፣ ጠረጴዛዎችና መደርደሪያዎች ያገኛል። ከመኪናው ይወርዳል፣ አንዱ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነቅነቅ ያደርገዋል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። የሠሪው ጥበብ ግን በዚህ አይገኝም። እሱን ለማየት ወንበሩን መገልበጥ ያስፈልጋል።

ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚታየው የእግሩ ጫፍ ነው። ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ ባዶውን እየቆራረጠ የሚዘጋው አንጓው ነው። ጥሩ ሠሪ እግሩን ሲቆርጥ መጋዙን ከአንጓው ሥር ጥቂት ዝቅ አድርጎ ያሳርፋል። እግሩ መሬት የሚረግጠው በተደፈነ ጫፍ ይሆናል፤ እርጥበት ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ ነፍሳት አይጠለሉበትም፣ ወንበሩ በተጎተተ ቁጥርም ጫፉ አይሰነጠቅም። የቸኮለ ሰው ግን አራቱን እግሮች በሜትር ለክቶ ብቻ ይቆርጣቸዋል፤ አንጓው የትም ይዋል የት ግድ የለውም። ሁለቱም ወንበሮች ደጃፍ ላይ ሲቆሙ እኩል ያምራሉ። የሚለያዩት ሲቀመጡባቸው ከከረሙ በኋላ ነው።

ከዚያ ዓይን ወደ ላይ ይወጣል። በተዋጣለት ወንበር የአራቱ እግሮች አንጓዎች ከሞላ ጎደል በአንድ ከፍታ ይሰለፋሉ። ተፈጥሮ ሁለት ቀርከሃ አንድ ዓይነት አድርጋ አትሠራም፤ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ከግንድ ግንድ፣ በአንዱ ግንድ ላይም ከሥር እስከ ጫፍ ይለያያል። ስለዚህ ያ ሰልፍ የሚነግረን ሠሪው ከክምሩ ውስጥ ብዙ ግንድ እያነሳ፣ እያስተያየ፣ እየመለሰ መቆየቱን ነው። ለዚህ ሰዓት የከፈለው የለም። ሠሪው ግን ሥራው እንዲያምርለት ስለፈለገ ሰጥቶታል።

ቀጥሎ መጋጠሚያው ነው። ክቡን እግር ከክብ አግዳሚ ጋር ማገናኘት ከባድ ነው፤ ክብ በክብ ላይ የሚነካካው በአንዲት ነጥብ ብቻ ነውና። ስለዚህ የአግዳሚው አፍ በእግሩ ውፍረት ልክ ይጎደጎዳል፤ እግሩን አቅፎ እንዲይዝ ጥቂት ይፋቃል፣ ይሞከራል፣ እንደገና ይፋቃል። በመጋጠሚያው በኩል ብርሃን ካለፈ አልተጠናቀቀም። ምስማርም እንዲሁ በቀጥታ አይመታበትም። የቀርከሃ ጭረቶች በአንጓና በአንጓ መካከል ሁሉም ቁመቱን ተከትለው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ አቋርጦ የሚይዛቸው ስለሌለ ምስማሩ ሲገባ ግንዱ ከዳር እስከ ዳር ሊተረተር ይችላል። የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ በመሰርሰሪያ ይበሳዋል፤ የተሻለ የሚያውቀው ደግሞ ከራሱ ከቀርከሃው ችካል ጠርቦ ይሰካበታል። ችካሉና ግንዱ አንድ ሥጋ ስለሆኑ ሲደርቁም ሲረጥቡም አብረው ይሆናሉ።

የመቀመጫውና የመደገፊያው ሽመና ሌላ ዓለም ነው። ግንዱ በቢላዋ ይሰነጠቃል፤ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት፣ እስኪሳሳ ድረስ። ሲሰነጠቅ መንገዱን ስቶ ወደ አንድ ወገን ያመዝንና አንዱ ወገን ይወፍራል፣ ሌላው ይከሳል። ልማድ የሌለው ሰው ቢላዋውን በኃይል ይገፋና ስንጥሩን ያበላሻል። የለመደ እጅ ግን ወፍራሙን ወገን ጎንበስ ያደርገዋል፤ ስንጥቁ በራሱ ወደ መሐል ይመለሳል። ቢላዋው መንገዱን ይከፍታል እንጂ መንገዱን የሚመራው የግራ እጅ ነው። ይህን በቃል ማስተማር አይቻልም፤ ልጅ ከአባቱ ወይም ከጌታው አጠገብ ተቀምጦ፣ ብዙ ስንጥር አበላሽቶ የሚያገኘው ነው።

የቀርከሃ ብርታት ያለው ከቆዳው ሥር ነው። ወደ ውጭው ጭረቱ የታመቀ፣ ወደ ውስጥ የሳሳና የላላ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሸማኝ የውስጡን ለስላሳ ክፍል ፍቆ ይጥልና ቆዳውን ያስቀራል። ሻካራው ተፍቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ፣ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ ተላግቶ ያልቃል። ከዚያ ድርና ማግ ሆኖ ይሸመናል። አንዱን ማግ በአንድ ድር ላይ አሳልፎ በአንዱ ሥር ማስገባት ቀላሉ ነው፤ በሁለት አሳልፎ በሁለት ሥር እያስገቡ በየመስመሩ አንድ ቤት መግፋት ሰያፍ መስመር ያወጣል። ቀለም ሳይነካው፣ የሚያበራውን የቆዳ ወገንና የደበዘዘውን የውስጥ ወገን ብቻ እያፈራረቁ ጥለት ማውጣት ይቻላል። ክብ ቅርጫት ሲሆን ደግሞ የቆሙት ድሮች ቁጥር ጎዶሎ መሆን አለበት፤ ሙሉ ከሆነ ማጉ ዞሮ ሲመጣ በነበረበት መንገድ ይደግማል፤ ሽመናው አይያያዝም። ትምህርት ቤት ያልገባ ሸማኝ ይህን ሒሳብ በጣቱ ይዞታል።

ነገር ግን ሥራው የሚጀምረው ከቢላዋው አይደለም፤ ከደጅ ነው። በባንጃ፣ በአንከሻና በአካባቢው ብዙ ገበሬ ከቤቱ ጀርባ የቀርከሃ ጓሮ አለው። የደጋ ቀርከሃ ነው፤ ከሁለቱ የኢትዮጵያ ነባር ዝርያዎች አንዱ። ሌላው የቆላው፣ ውስጡ ድፍን የሆነው ዝርያ ወደ ምዕራቡ ቆላ ሲወርዱ ይገኛል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው እንጅባራ ግን የባዶ ውስጡ አገር ናት። በክረምት ቡቃያው ከመሬት ብቅ ሲል በሙሉ ውፍረቱ ይወጣል፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ሙሉ ቁመቱን ይይዛል። ከዚያ በኋላ አይወፍርም፣ አይረዝምም። የሚቀረው መጠንከር ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል።

ችግሩ የአንድ ዓመቱም የሦስት ዓመቱም ቁመታቸው አንድ መሆኑ ነው። ለጋው አረንጓዴው የደመቀ፣ ነጭ ብናኝ ያለበት፣ የቡቃያነቱ ሽፋን ገና ያልረገፈ ነው። የበሰለው ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ቆዳው ላይ ግራጫ ሽበት የያዘ ነው፤ ሲንኳኳም ድምፁ ጥርት ይላል። ለጋውን የቆረጠ ሰው ሲደርቅ የሚጨማደድ ወንበር ይሸጣል። በዝናብ ወራት የቆረጠም ጥፋቱ እጥፍ ነው፤ ቡቃያውን ይረግጣል፣ እርጥበትና ስታርች የተሞላውን ግንድ ለነቀዝ ያቀርባል። በበጋ የተቆረጠ፣ በጥላ ቀስ ብሎ የደረቀ፣ ወይም ውሃ ውስጥ ከርሞ ጣፋጩ የወጣለት ግንድ ግን ዕድሜው ረጅም ነው። አንድ ወንበር ፊት ስንቆም የምናየው እንግዲህ የአንድ ቀን ሥራ ሳይሆን የብዙ ዓመት ትዕግሥት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በእኛ አገር የሚገባውን ክብር አግኝቶ አያውቅም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ስም ወጥቶላቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የበሽታውን ጥልቀት ያሳያል። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል፤ ሠሪውን በዋጋ ማሳነስ ግን አልቀረም። የፋብሪካ የፕላስቲክ ወንበር ዋጋው ሲነገረን እንከፍላለን፤ የእጅ ሥራ ሲሆን ግማሹን ካላስቀነስን የተታለልን ይመስለናል።

የሚያሳዝነው እንጅባራ ያለችበት አዊ ማየት የማያውቅ አገር አለመሆኑ ነው። በየዓመቱ ጥር 23፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በእንጅባራ ሲያከብር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይወጣል። የሚታየው ግልቢያው ብቻ አይደለም። ኮርቻው፣ ግላሱ፣ ልጓሙ፣ እርካቡ፣ የጌጡ አሰካክ ይመዘናል። የማን ፈረስ እንዴት እንደ ተሸለመ ይወራል። ፈረስ ሊገዛ የመጣ የአዊ ሰው ጥርሱን ሳያይ፣ ሰኮናውን ሳያነሳ፣ ሳያስጋልብ ብር አይቆጥርም። የፈረስ ጌጥ ሠሪ ሥራው በአደባባይ በሚያውቅ ዓይን ፊት እንደሚቀርብ ያውቃል፤ ይህም እጁን ያተጋዋል። የቀርከሃ ሠሪው ይህ ዳኛ የለውም። ሥራውን የሚያየው በጉዞ ላይ ያለ፣ ወንበር ገልብጦ የማያውቅ ሰው ነው።

የሚያውቅ ዓይን ምን እንደሚያደርግ ጃፓን ታሳያለች። እዚያ የቀርከሃ ቅርጫት ለሻይ ሥርዓት አበባ ማስቀመጫ ሆኖ ለብዙ ዘመን በጥንቃቄ ሲመረጥና ሲመዘን ስለኖረ የሠሪው ስም ከዕቃው ጋር ይታወሳል፣ ሥራውም ሙዚየም ይገባል። በ1967 እ.ኤ.አ. ሾኖ ሾዉንሳይ የተባለው ሸማኝ የአገሪቱን የሕያው ሀብት ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው የቀርከሃ ባለሙያ ሆነ። የዚያ ሰው ግንድም ውስጡ ባዶ፣ አንጓ ያለው፣ ሲሰነጠቅ መንገድ የሚስት ቀርከሃ ነበር። በእኛም አገር የዶርዜ ሽማግሌዎች ከቀርከሃ ሸምነው የሚያቆሙት ረጅም ቤት ዓለም የሚደነቅበት ሥራ ነው። ዕቃውም እጁም አለን፤ የሚጎድለን ገዢው ነው።

ጊዜውም አይጠብቅም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ በስፋት ተክሏል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ይሰጣልና ማንም ሊወቅሰው አይችልም። የቀርከሃ ጓሮ መሬቱን ይዞ የሚቆየው ከእሱ የሚወጣው ሥራ ከከሰሉ የተሻለ ሲከፍል ብቻ ነው። ሠሪው ደግሞ ሦስት ዓመት የበሰለውን ግንድ ብቻ ልጠብቅ፣ በበጋ ብቻ ልቁረጥ፣ አንጓውን ላሰልፍ ቢል የሚችለው ለዚያ ትዕግሥቱ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ሲያገኝ ነው። የተደፈነ እግር ያለው ወንበር ክፍት እግር ካለው እኩል የሚሸጥ ከሆነ የሚያሸንፈው ክፍቱ ነው፤ ቶሎ ይሠራልና።

ስለዚህ ከእንጅባራ ወንበር የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ድምፅ ነው። እግሩን አይቶ፣ መጋጠሚያውን በጣቱ ዳስሶ፣ የሽመናውን ጀርባ መርምሮ የተሻለውን በተሻለ ዋጋ የወሰደ ሰው ለአንድ ሠሪ በሚቀጥለው ዓመትም በጥንቃቄ እንዲሠራ ምክንያት ሰጥቶታል፤ አጠገቡ ለተቀመጠው ልጅም ቢላዋውን የሚይዝበት ምክንያት።