«ወራሪ ያልሆነ» በተሰኘው የሕክምና ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሕክምና ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች፣ ቆዳ ሳይቀደድና መርፌ ሳይገባ የሚካሄደውን ምርመራ «ወራሪ ያልሆነ» ብለው መጥራትን አዘውትረዋል። ስያሜው ቃል በቃል የተገለበጠ ከመሆኑም በላይ አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉድለቱን በአንድ ምሳሌ ማሳየትና መተኪያውን መጠቆም ነው።

ምሳሌው በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ዙሪያ የሚነሣው ኢንፌክሽን ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 የብረት ራስን ከፖሊኢትሊን ጽዋ ጋር ያጣመረውን የዳሌ መገጣጠሚያ ለሕክምና ካዋለ ወዲህ፣ ዳሌንና ጉልበትን መተካት የተለመደ ሆኗል። ይሁን እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚተከሉት ከመቶ 1 እስከ 2 ያህሉን ኢንፌክሽን ያገኛቸዋል። ባክቴሪያዎቹ በተተከለው ዕቃ ገጽ ላይ ተጣብቀው ስስ ሽፋን ስለሚያበጁ መድኃኒት በቀላሉ አያጠፋቸውም፤ ሕመሙም ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ዋነኛው የማረጋገጫ መንገድ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ መመርመር ነው።

ሌላ መንገድ ከፈለጉት መካከል በሳን ዲዬጎ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአጥንት ውስጥ ለሚተከል ሰው ሠራሽ አካል አንድ የኤሌክትሪክ ዘዴ በቤተ ሙከራ ፈትነዋል። በሚተከለው ዕቃ ላይ ስስ ቅብ ይቀባል፤ ኢንፌክሽን የአካባቢውን አሲድነት ሲጨምረው የቅቡ የኤሌክትሪክ ጠባይ ይለወጣል፤ ከውጭ በዙሪያው የሚደረደሩት ኤሌክትሮዶችም ለውጡን ለክተው በምስል ያሳያሉ።

እንግዲህ ይህንኑ «ወራሪ ያልሆነ የኢንፌክሽን ምርመራ» ብንለው ምን ይከተላል? በአማርኛ ቅጽል ከስም ስለሚቀድም፣ «ወራሪ ያልሆነ» የሚለው ለ«ምርመራ» ብቻ ሳይሆን ለ«ኢንፌክሽን»ም ሊቀጸል ይችላል። በሕክምና ደግሞ ወደ ደም ወይም ወደ ውስጠኛው አካል ዘልቆ የሚገባ፣ በእርግጥም ወራሪ የሚባል ኢንፌክሽን አለ። የፈቃድ ቅጽ የሚፈርም ሕመምተኛ «ሕመምህ አይስፋፋም» የተባለ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ «ወራሪ» የሚለው ቃል ለተሕዋስያንና ለነቀርሳ ሊጠበቅ ይገባዋል።

«ኢንፌክሽን» የሚለውን ባዕድ ቃል በአገርኛ ለመተካት የሚደረገው ሙከራም ጥንቃቄን ይሻል። «ማመርቀዝ» ጥሩ አማርኛ ነው፤ ነገር ግን መግል የያዘን ቁስል ስለሚያመለክት መግል ሳያሳይ የሚቆየውን ኢንፌክሽን አያካትትም። «ልክፍት»ም ከዛርና ከመንፈስ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ለዚህ አይበጅም። ስለዚህ ባዕዱ ቃል ቢቆይ ይሻላል።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር «መለየት» የሚለው ግሥ ነው። ቅቡ የሚነግረን የአሲድነትን ለውጥ እንጂ የባክቴሪያውን ማንነት አይደለም። ያላረጋገጠውን ነገር «ለየ» ማለት ለመሣሪያው ከአቅሙ በላይ መመስከር ይሆናል፤ «ጠቆመ» ቢባል ግን ሐኪሙ ማረጋገጫውን እንዲፈልግ ቦታ ይተውለታል።

ለዋናው ስያሜ «ሳይበጡ ሳይወጉ» የሚለው ሐረግ ለጆሮ ያምራል፤ ሆኖም በአፍ በኩል ቱቦ የሚገባበትን ምርመራም ያለአግባብ ያካትታል። «ከአካል ውጭ» ቢባል ደግሞ በብልቃጥ የሚካሄደው ምርመራ ይመስላል። ከሁሉም በላይ መዘንጋት የሌለበት ቅቡ ራሱ በቀዶ ሕክምና የገባ መሆኑ ነው፤ ከውጭ የሚደረገው ልኬቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ገላጩ ከ«ልኬት» ጋር ሊጣበቅ ይገባል፦ «በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ዙሪያ ያለን ኢንፌክሽን ከውጭ በሚደረግ የኤሌክትሪክ ልኬት መጠቆም»። ሐረጉ ረጅም መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ሕመምተኛው በምን እንደተስማማ አውቆ ይፈርማል። ከዚህ ያጠረና ያልተዛባ ስያሜ ያለው ተርጓሚ ቢያቀርብልን በደስታ እንቀበላለን።