በሁለት ቋንቋ የሚታተም የዘመቻ ወረቀት

ዌልስ ውስጥ የገጠር ትምህርት ቤት እንዳይዘጋ ወይም የአውቶቡስ መስመር እንዳይቋረጥ የሚታገሉ የሰፈር ቡድኖች በራሪ ወረቀታቸውን በእንግሊዝኛ ብቻ ሲያሳትሙ የሚሰጡት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ዌልስኛ የሚናገር አዋቂ ከሞላ ጎደል ሁሉም እንግሊዝኛ ያነባል። እርግጥ ያነባል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የመንግሥት ቅጽ በአማርኛ የሚታተመው እንግሊዝኛ የማይችል ነዋሪ አገልግሎት እንዳይቀርበት ነው፤ በዚህ መመዘኛ ከሄድን ዌልስኛው ትርፍ ሊመስል ይችላል። የዘመቻ ወረቀት ግን ከመረጃ ያለፈ ሥራ አለበት። አንባቢው ጉዳዩን የራሱ አድርጎ እንዲፈርም፣ ለስብሰባ እንዲወጣ፣ ጎረቤቱን እንዲጠራ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ልጆቹን በሚያሳድግበት ቋንቋ ሲያገኘው ዘመቻው የእሱም መሆኑን ያምናል።

አይሊን እና ትሬቨር ቢዝሊ ለዚህ ትልቅ ማስረጃ ናቸው። በላኔሊ አቅራቢያ በላንጌነኽ መንደር ይኖሩ የነበሩት እነዚህ ባልና ሚስት፣ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የቤት ግብር ማስከፈያው በዌልስኛ ካልመጣልን አንከፍልም አሉ። እንግሊዝኛውን ማንበብ አላቃታቸውም። ከአሥር ጊዜ በላይ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ የቤት ዕቃቸው፣ ፒያኗቸው ሳይቀር፣ ተወሰደባቸው። በ1960 በመጨረሻ የተሰጣቸው ሁለቱንም ቋንቋ የያዘ ቅጽ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ የተሸከሙት ሊያነቡት ለሚችሉት ወረቀት ነው።

የ2011 የቋንቋ ሕግ ዌልስኛን በዌልስ ይፋዊ ቋንቋ ቢያደርገውም፣ ግዴታው የሚያርፈው በመንግሥት አካላት ላይ እንጂ በትናንሽ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ላይ አይደለም። ካልተገደድን ለምን እንድከም ለሚል ግን መልሱ እዚያው ሥርዓት ውስጥ አለ። የአካባቢው ምክር ቤት በዌልስኛ ለተጻፈለት ደብዳቤ በዌልስኛ መመለስ፣ ውሳኔው በቋንቋው ላይ የሚያስከትለውንም ማጤን አለበት። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ዌልስኛ ይጎዳል ብሎ የሚከራከር ቡድን ይህንኑ በእንግሊዝኛ ብቻ አትሞ ቢያቀርብ የራሱን ክርክር ያዳክማል።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። በ2021 ቆጠራ ዌልስኛ እንናገራለን ያሉት 17.8 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ታዲያ ብዙኃኑን አናርቅም ወይ? እንግሊዝኛው ከወረቀቱ ቢወጣ በእርግጥ እናርቃለን፤ ለዚህም ነው ሁለቱም ይኑሩ የምለው። ደግሞ አማካይ ቁጥር ስለ አንድ ሰፈር ብዙ አይናገርም፤ ግዊኔዝ ውስጥ ከመቶ 64 ያህሉ ተናጋሪ ነው።

ይሁንና በግዴለሽነት የተሠራ ዌልስኛ ባይኖር ይሻላል። እንግሊዝኛው ገጹን ከሞላ በኋላ ከግርጌ በደቃቅ ፊደል የሚወሸቅ ትርጉም አንባቢውን ያስቀይማል። ሁለቱ ጽሑፎች ከመነሻው አብረው ይታሰቡ፤ የፊደላቸው መጠንም እኩል ይሁን። ቦታው ስለሚጠብ ቃል መቀነስ ግድ ይላል፤ እኔ ይህን እንደ ጥቅም አየዋለሁ፣ ዋናውን ጥያቄ የሚሸፍነው ትርፍ ቃል ያኔ ይወጣልና። ዌልስኛ የሚያነብ ሰው ሳያየው ደግሞ ምንም አይታተም። በ2008 ስዋንሲ ውስጥ ለአንድ የመንገድ ምልክት ትርጉም በኢሜይል ሲጠየቅ የመጣው አሁን ቢሮ የለሁም የሚል የተርጓሚው አውቶማቲክ መልስ ነበር፤ እሱው በምልክቱ ላይ ተጽፎ ተተከለ። አንድ አንባቢ ቢያየው ኖሮ እዚያው ይቆም ነበር፤ ለሰፈር ቡድን ደግሞ ይህ አንባቢ ከጎረቤት አይጠፋም። ገንዘብ ካነሰ መፈክሩ፣ የፊርማ ወረቀቱና የስብሰባ ጥሪው ይቅደሙ፤ ረጅሙ ሪፖርት ሊቆይ ይችላል። ስብሰባው ላይም በዌልስኛ ለሚጠይቅ በዌልስኛ የሚመልስ ሰው ይኑር፤ ይህ ከትርጉም ክፍያው በፊት ሊታሰብበት ይገባል።